ጥልቅ ሥር የማን ሥራ ነው? ስለ ሩዝ «የጥልቅ ሥር ጂን» ጥናትና ስለ እኛ አነባበብ የቀረበ ሂስ

፩

ከተክል አካላት ሁሉ ከሰው ዓይን የራቀው ሥር ነው። ቅጠልንና ፍሬን ለማየት ማሳ ዳር መቆም ይበቃል። ሥርን ለማየት ግን መቆፈር ግድ ነው፤ የቆፈረም ሰው በእጁ የሚቀርለት የተበጣጠሰና ከአፈሩ የተለየ ሥር እንጂ በመሬት ውስጥ እንደ ነበረ ያለው ሥር አይደለም። አሜሪካዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ዊቨር በኔብራስካ ሜዳ ቦይ እየቆፈረ የአዝርዕትን ሥር አንድ በአንድ እያጸዳ በወረቀት ላይ ነድፎ ነበር፤ ስለ ሰብል ሥሮች አስተዳደግ የጻፈው መጽሐፍም በ1926 ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ሥርን በአፈር ውስጥ እንዳለ የሚያሳዩ የራጅ መሣሪያዎች እንኳ ተገኝተዋል። ሆኖም ስለ ሥር ከምንናገረው ብዙው በማሳ ውስጥ በሥሩ ላይ የታየ ሳይሆን ከቅጠሉና ከምርቱ፣ አለዚያም በሳሕን ላይ ከበቀለ ችግኝ የተገመተ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሲሆን ቃላችን ማስረጃችንን ቀድሞ መሄዱ አይቀርም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዩሳኩ ኡጋ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2013 «ኔቸር ጄኔቲክስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት የሩዝ ጥናት ነው። ጥናቱ አንድ ጂን ለይቶ አውጥቶ፣ ትርጉሙ «ይበልጥ ጥልቅ ሥር መስደድ» የሆነ ስም ሰጠው፤ በአጭሩም ዲ.አር.ኦ. 1 ይባላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህ ጂን በመማሪያ መጻሕፍትም በንግግርም «የጥልቅ ሥር ጂን»፣ አንዳንዴም «ድርቅን የሚችል ጂን» እየተባለ ይጠቀሳል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሂስ ጥናቱ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ጥናቱ በዘመናችን ስለ ሥር ከተጻፉት መልካሞቹ አንዱ ነው፤ ሂስ የሚገባውም መልካም ሥራ ነው። የምከራከረው ስለ ስሙና ስለ አነባበባችን ነው። አሳቤን በአጭሩ ለመግለጽ፦ ጂኑ ለሥሩ የሚሰጠው ጥልቀት ሳይሆን የአካሄድ ደንብ ነው። ጥልቀት የሚገኘው ይህ ደንብና አፈሩ ሲገናኙ ነው፤ የጥልቀቱ ጥቅም ወይም ጉዳት ደግሞ አፈሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነና ውሃውና ምግቡ የት እንዳለ ካልተነገረ አይታወቅም።

፪

አስቀድሞ ጥናቱን ሳያዛቡ መተረክ ይገባል። ተመራማሪዎቹ ሁለት የሩዝ ዘሮችን አነጻጸሩ። አንደኛው አይ.አር. 64 የሚባለው፣ በፊሊፒንስ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም የወጣና ከ1985 ጀምሮ በእስያ እጅግ የተስፋፋ የመስኖ ሩዝ ነው፤ ሥሩ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሁለተኛው ኪናንዳንግ ፓቶንግ የተባለ፣ ውሃ በማይተኛበት ደረቅ ማሳ የሚዘራ የፊሊፒንስ ገበሬዎች ነባር ዘር ነው፤ የዚህ ሥር ወደ ታች ይወርዳል።

ሥሩን የለኩበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። ዘሩን ወንፊት በመሰለ የሽቦ ቅርጫት ውስጥ ይዘራሉ፤ ከቅርጫቱ ከወጡት ሥሮች መካከል ስንቱ በታችኛው ክፍል፣ ስንቱስ በጎኑ እንደ ወጣ ይቈጥራሉ። ሁለቱን ዘሮች አዳቅለው የልጆቹን ሥር በዚህ መንገድ እየቈጠሩ፣ ለልዩነቱ ምክንያት የሆነውን ቦታ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ አገኙት። የአይ.አር. 64 ጂን አንዲት ፊደል ጐድላዋለች፤ በዚህች አንዲት ፊደል መጥፋት ምክንያት ከጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ሳይፈጸም መካከል ላይ ይቋረጣል።

ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ይበልጥ የሚመሰገን ነው። ሙሉውን ጂን ከኪናንዳንግ ፓቶንግ ወስደው፣ ደጋግሞ ከአይ.አር. 64 ጋር በማዳቀል፣ በሌላው ሁሉ አይ.አር. 64ን የሚመስል፣ በዚያች የክሮሞሶም ቁራጭ ብቻ የሚለይ ዘር አወጡ። ይህን ዘር ከአይ.አር. 64 ጎን በማሳ ዘርተው ውሃ ሲከለክሉት፣ አይ.አር. 64 በጽኑ ድርቅ ከሞላ ጎደል ምንም ሳያፈራ ሲቀር አዲሱ ዘር ፍሬ ሰጠ። ውሃ ባልተከለከለበት መደብ ግን በሁለቱ መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። ብዙ የጂን ጥናት በችግኝ ላይ ጀምሮ በችግኝ ላይ ሲያበቃ፣ ይህኛው እስከ ማሳ ወርዶ ምርት መዝኗል። ይህን ምስጋና ማንም ሊነፍገው አይገባም።

፫

የመጀመሪያው ሂሴ ስለ ስሙ ነው። ይህ ጂን በእውነት የሚሠራው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ስለ ሥር መታጠፍ የታወቀውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ቻርለስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 ባሳተመው የዕፀዋትን እንቅስቃሴ የሚመለከት መጽሐፍ፣ የመሬትን ስበት የሚሰማው የሥሩ ጫፍ መሆኑን፣ የሚታጠፈው ግን ከጫፉ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ እንደምናውቀው በሥሩ ቆብ ውስጥ ባሉት ሕዋሳት ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ሥሩ ሲጋደም እነዚህ ቅንጣቶች ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ኦክሲን የተባለው የዕድገት ቅመም በታችኛው ጎን ይበዛል። ኦክሲን በበዛበት ጎን የሥሩ ሕዋሳት መርዘማቸውን ይቀንሳሉ፤ የላይኞቹ ግን ይረዝማሉ፤ በዚህም ምክንያት ሥሩ ወደ ታች ይጎብጣል። ኡጋና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ዲ.አር.ኦ. 1 በዚህ ሥራ መካከል ይገኛል፤ ራሱም በኦክሲን ይገዛል፣ በሥሩ ጫፍ የሕዋሳቱን መርዘም ይነካል፣ ሥሩም ለስበት የሚሰጠውን ምላሽ ያበረታል።

እንግዲህ ጂኑ የሚወስነው የሥሩን አዘቅዛቂነት ነው። ጂኑ ጥልቀት የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንድ ክንድም ወረደ ሦስት ክንድ ለእሱ ያው ነው። ወደ ገደል ፊቱን ያዞረ መንገደኛ ሁሉ ገደሉ ሥር አይደርስም፤ መንገዱ ካልፈቀደለት ከመካከል ይቀራል። አቅጣጫን መድረሻ ብሎ መጥራት ግን የአነጋገር ልማድ ሆኖብናል።

መንገዱ እንዴት ሊከለክል እንደሚችል ከዚህ ጥናት በኋላ የወጣ ሌላ ሥራ ያሳየናል። ሥር በጠጠረ አፈር ውስጥ የማያድገው አፈሩን መግፋት አቅቶት ነው ሲባል የኖረ ነበር። በ2021 ፓንዴይና ባልደረቦቹ በ«ሳይንስ» መጽሔት እንዳስረዱት ግን፣ አፈር ሲጠጥር በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ከሥሩ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መሸሻ አጥቶ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ይህን ምልክት ተቀብሎ ዕድገቱን ይገታል፣ ይወፍራልም። ኤቲሊንን የሚሰሙበት ጂን የተበላሸባቸው የሩዝ ተክሎች በጠጠረው አፈር ከጤነኞቹ የበለጠ ዘልቀው ሄዱ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ አንድ ሥር ሙሉውን ዲ.አር.ኦ. 1 ይዞ አፍንጫውን ወደ ታች ቢያቀናም በማረሻ ግርጌ ከጠጠረ አፈር ላይ ሲደርስ በሌላ ጂን ትእዛዝ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ «ጂን» እና «አካባቢ» እንደ ሁለት በሬዎች ከውጭና ከውስጥ የሚጎተቱ ኃይሎች አይደሉም። የአፈሩ መጠጠር ወደ ሥሩ የገባው በጋዝ ተመስሎ ነው፤ የስበቱም ምልክት በኦክሲን ተተርጕሞ ነው። የውሃ ነገርም እንደዚሁ ነው። በ2014 ባኦና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ሥር በአንድ ጎኑ ብቻ ውሃ ሲነካ የጎን ሥሮቹን ወደዚያው ወደ እርጥቡ ጎን ያበዛል፤ በዚህም ሥራ ውስጥ ኦክሲን አለ። አካባቢው ለተክሉ የሚናገረው ጂኖቹ በሚሰሙት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለይቶ «የጥልቀት ባለቤት» ብሎ መሾም የነገሩን ጠባይ መሳት ነው።

፬

ሁለተኛው ሂስ «ድርቅ» ስለሚለው ቃል ነው። ጂኑ ድርቅን ያስችላል ሲባል የትኛውን ድርቅ? ጥልቅ ሥር ያለው ተክል በድርቅ ጊዜ የሚጠቀመው ከታች ውሃ ካለ ብቻ ነው። ከታች ውሃ ከሌለ፣ ወይም ከሥሩ አዳር በታች አለት ካለ፣ ተክሉ ሥር ለመስደድ ያወጣው ምግብ ኪሳራ ነው። ጥናቱ የተሠራበት ማሳ ከላይ ሲደርቅ ከታች እርጥበት የሚቀርበት ነበር፤ ጂኑም የረዳው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁኔታ ከውጤቱ ጋር አብሮ ሊጠቀስ ሲገባው፣ በአንባቢዎች አፍ ግን ውጤቱ ብቻውን ይዞራል።

አገራችንን በምሳሌነት ብናነሣ፣ በደጋው መረሬ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ የሚያድጉትም ዝናቡ አፈሩ ውስጥ ትቶት በሄደው እርጥበት ነው። እዚህ እርጥበቱ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ስለሚሄድ ሥር ውሃውን እየተከተለ መውረድ አለበት። ከዚሁ ማሳ ጥቂት ከፍ ብሎ ካለው ዳገት ግን አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ስስ ሆኗል፤ ከስንዝር ወይም ከክንድ በታች ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ በየጊዜው የሚጥለውን ትንሽ ዝናብ ቶሎ ለመያዝ ወደ ጎን የተዘረጋ ሥር ሊሻል ይችላል። በሁለቱም ቦታ ገበሬው «ዝናብ አጠረ» ይላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥሩ የሚጠየቀው ሥራ ግን ተቃራኒ ነው።

ውሃ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ፎስፈረስ ግን በአፈር ውስጥ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚበዛው በላይኛው አፈር ነው። በአሜሪካ ጆናታን ሊንችና ባልደረቦቹ በቦሎቄ ላይ ባደረጉት የረጅም ጊዜ ምርምር፣ ፎስፈረስ በጐደለው አፈር ሥራቸውን በላይኛው አፈር የሚዘረጉ ዘሮች ይሻላሉ፤ ውሃ ከላይ ሲጠፋ ደግሞ ጥልቆቹ ይሻላሉ። ይኸው ሊንች በ2013 ለበቆሎ ውሃና ናይትሮጂን ማግኛ ያመጣው «ቀጥ ያለ፣ ርካሽና ጥልቅ» የሥር አምሳል በብዙዎች ዘንድ ለሁሉም ቦታ የሚሆን ትእዛዝ ተደርጎ ተወስዷል። ነገር ግን ውሃና ናይትሬት ወደ ታች የሚወርዱ ነገሮች ስለ ሆኑ የታሰበ አምሳል ነው፤ ፎስፈረስን ለሚፈልግ ሥር ያው አምሳል ጉዳት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የፍርድ ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። ለዲ.አር.ኦ. 1 የተሻለውን ሂስ የጻፉት ራሳቸው ኡጋና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2014 በወጣ ሥራ ያው ጂን የገባበት ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ፣ ድርቅ በሌለበት፣ ምርቱ ከፍ ማለቱ ታየ፤ ይህም ከታችኛው አፈር ናይትሮጂን ከመውሰዱ ጋር ተያይዞ ተገልጿል። በ2020 ደግሞ ኪቶሚና ባልደረቦቹ፣ ኡጋም ጭምር፣ የዲ.አር.ኦ. 1 ዘመድ የሆነ ሌላ ጂን አገኙ። ይህ ጂን ሥራውን ያቆመበት ዓይነት የተገኘው ገምጃ በቶን ከተባለ የኢንዶኔዥያ ሩዝ ነው፤ ጂኑ የጠፋበት ተክል ሥሩን በአፈሩ ገጽ ላይ ይዘረጋል። ጨው በበዛበት፣ ውሃ በተኛበትና አየር ባጠረበት ማሳ እነዚህ ላይ ላዩን የሚሄዱ ሥሮች ያሉት ሩዝ የተሻለ ምርት ሰጠ።

እንግዲህ በአንድ የጂን ቤተሰብ ውስጥ፣ በአንድ ሰብል ላይ፣ በአንድ ቦታ ጥልቀት አተረፈ፣ በሌላ ቦታ ጥልቀትን መተው አተረፈ። የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ ይዞ «ጥልቅ ሥር መልካም ነው» የሚል ተማሪ ከመጽሐፉ አንዱን ገጽ አንብቦ የዘጋ ሰው ነው።

፭

ሦስተኛው ሂስ «ማን ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚል ነው። ታሪኩ ሲነገር ኪናንዳንግ ፓቶንግ የተለየ ጸጋ ያለው፣ አይ.አር. 64 ደግሞ ተራው ሰው ይመስላል። ነገሩ ግን ተገልብጦ ሊነበብ ይችላል፤ ሙሉው ጂን ያለው ነባሩ ዘር ነው፤ የጐደለው የታወቀው ዘመናዊ ዘር ነው። ስለዚህ ጥናቱ «ድርቅን የሚያስችል ጂን ተገኘ» ከማለት ይልቅ «በእስያ እጅግ የተስፋፋው ሩዝ አንዲት ፊደል ጐድላው የስበት ምላሹ ተዳክሟል፤ ፊደሏ ስትመለስ ሥሩ ይቃናል» ቢል ለእውነቱ ይቀርባል። እንዲህ ከተነበበ፣ ጂኑ ቀድሞውንም ሙሉ በሆነለት ዘር ውስጥ ይህንኑ ቁራጭ ማስገባት ምንም እንደማይጨምር ወዲያው ይገባናል።

የዚህ ዓይነት ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስት በ2012 ጋሙያኦና ባልደረቦቹ በ«ኔቸር» ያወጡት ሥራ ይመሰክራል። ካሳላት በተባለ የሩዝ ነባር ዘር ውስጥ፣ ፎስፈረስ ባጠረው አፈር በልጅነቱ ብዙ ሥር እንዲሰድ የሚረዳ ጂን አገኙ። ይህ ጂን ግን ሊቃውንት የሩዝን የዘር መጽሐፍ ለማንበብ እንደ መሠረት በወሰዱት በኒፖንባሬ ሩዝ ውስጥ ከነጭራሹ የለም። ሙሉ ነው በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ገጹ ባለመኖሩ፣ ሌላውን ዘር በዚያ መጽሐፍ እየመሰለ የሚያነብ ሰው ጂኑን ሊያየው አይችልም ነበር። አካባቢው ብቻ ሳይሆን ማነጻጸሪያ ያደረግነውም ዘር ስለ ጂን የምንለውን ይወስነዋል።

፮

አንድ ሰው ሊመልስልኝ ይችላል፦ «ይህን ማን ያጣዋል? ተመራማሪ ሁሉ አካባቢ እንደሚነካ ያውቃል። ሳይንስ ግን ነገርን ከፋፍሎ ካልመረመረ አይራመድም፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ እናጥና ብንል ምንም አናጠናም።» ይህ መልስ ከባድ ነው፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። ኡጋና ባልደረቦቻቸው ሁለት ዘሮችን በአንዲት ቁራጭ ብቻ እንዲለያዩ ባያደርጉ ኖሮ ምንም ባልታወቀ።

የማልቀበለው ጥያቄውን ለመክፈል የተፈቀደውን ሥልጣን መልሱን ለመክፈልም መጠቀምን ነው። የበገና ድምፅ ስንት እጁ ከአውታሩ፣ ስንት እጁስ ከደርዳሪው ጣት ነው? ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ አንዱ ከሌለ ድምፁ ጨርሶ የለምና። ነገር ግን ሁለት ደርዳሪዎች በአንድ በገና ሲደረድሩ ብንሰማ፣ የድምፁ ልዩነት ከጣታቸው ነው ማለት እንችላለን። ይህ ፍርድ ግን ለዚያ በገና ነው፤ አውታሩ ሲለወጥ ፍርዱም ሊለወጥ ይችላል። የጂንም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ አፈር ላይ የሁለት ዘሮች ልዩነት ከጂን ነው ብንል እውነት ተናገርን፤ «ጥልቀት ከጂን ነው» ስንል ግን ከልዩነት ወደ ነገሩ ራሱ ዘለልን።

ይህ አዲስ አሳብ አይደለም። በ1909 ዴንማርካዊው ዮሐንሰን «ጂን» የሚለውን ቃል ሲያወጣ፣ በዘር የተወረሰውንና በዓይን የሚታየውን ለይቶ ሁለት ስም ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ቮልተርክ አንድ ዘር በየአካባቢው የሚያሳየውን መልክ ሁሉ ባንድ ላይ የሚያሳይ መስመር መሳል እንደሚገባ አስተማረ፤ የሚወረሰው መልኩ ሳይሆን ይህ የምላሽ መስመር ነው አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ትምህርት እንደገና መማራችን የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ጥቅሙ ግን ዛሬም አልቀነሰም።

፯

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በዚህ ውስጥ የዘርና የገበሬ ጉዳይ አለ። ለዚህ ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ ማሽላ ምስክር ነው።

ቢ 35፣ በኋላም ቢ.ቲ.ኤክስ. 642 የተባለው የማሽላ ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ከሄደ የዱራ ማሽላ ነው። ይህ ዘር ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም፤ አረንጓዴነቱን ያቆያል። በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያሉ አዳቃዮች ይህን ጠባይ ብዙ ተጠቅመውበታል፤ ለጠባዩ ምክንያት የሆኑ አራት ዋና የክሮሞሶም ቦታዎችም ተለይተዋል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የቅጠል ጥንካሬ ይመስል ነበር። በኋላ በአውስትራሊያ አንድሩ ቦሬልና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት ግን ነገሩ የውሃ ቁጠባ ሂሳብ ነው። እነዚህ ቦታዎች ያሉት ተክል ጎንዮሽ ቡቃያውን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ አነስተኛ ስለሚሆን ከማበቡ በፊት የሚጠጣው ውሃ ያንሳል፤ በአፈሩ ውስጥ የተረፈው ውሃ ፍሬው ሲሞላ ይደርስለታል፤ የሥሩም አስተዳደግ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ድርሻ አለው። እንግዲህ የቅጠሉ አረንጓዴነት ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው አፈሩ ውሃን ለኋላ የሚያስቀምጥ ሲሆን ነው። አፈሩ ስስ ከሆነ ወይም ዝናቡ እስከ መጨረሻው ካልተቋረጠ፣ ቡቃያውን የቀነሰ ተክል ያገኘውን ዕድል ሳይጠቀምበት የቀረ ቆጣቢ ይሆናል። ይህን ዘር ለብዙ ዘመን እየመረጡ ያቆዩት የአገራችን ገበሬዎች የትኛው ማሽላ በየትኛው መሬት እንደሚሆን ያውቁ ነበር፤ ዘሩ ወደ ውጭ ሲሄድ ግን ጂኑ ሄደ፣ የመሬቱ ዕውቀት ቀረ። ሌሎች ያንን ዕውቀት በብዙ ዓመት ሙከራ እንደገና ማግኘት ነበረባቸው።

በአዲስ አበባ በ1976 የዕፀዋት ዘር ሀብት ማእከል ሆኖ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ቤት ብዙ የአገር ዘር በቅዝቃዜ ተጠብቆ ይገኛል። ከእነዚህ ዘሮች ወደፊት ብዙ «የሥር ጂኖች» ይወጡ ይሆናል። የእያንዳንዱ ዘር ታሪክ ከየትኛው አፈር፣ በምን ወር ተዘርቶ፣ ከላይ ወይስ ከታች ከሚቀር እርጥበት ጋር እንደ ኖረ ካልተያያዘለት ግን፣ ያስቀመጥነው የአንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ነው። ግማሹን ያነበበ ሰው ደግሞ ለዳገቱ ገበሬ የሜዳውን ዘር ሊያድለው ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጥናቱን የጻፈው ሳይሆን የዘራው ነው።

፰

ሂስ ፍሬ የሚኖረው ሥራን ሲያቃና ነውና፣ ለእኛ ለተማሪዎች ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ስለ ሥር የምንጽፍ ሁሉ አፈሩን እንደ ዘሩ አድርገን እንግለጸው። ጥልቀቱ፣ ጥጥረቱ፣ ውሃው በየጊዜው በየትኛው ደረጃ እንዳለ፣ ፎስፈረሱ የት እንደሚበዛ ካልተጻፈ ውጤቱ አልተጻፈም። በተለይ በአጋር ላይ፣ በብርሃን ፊት የበቀለ ሥር የምንለካ ሰዎች፣ ሥር በተፈጥሮው ብርሃን የማያይና ከአፈር ጋር የሚታገል መሆኑን አንዘንጋ፤ ከሳሕን የተገኘውን ግምት ግምት ብለን እንጥራው።

ሁለተኛ፣ አንድን ጂን ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ቦታ እንፈትነው፤ የረዳበትን ብቻ ሳይሆን የጐዳበትንም እንናገር። ዘር የተሸነፈበት መደብ ከተሸለመበት መደብ ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስተምራል። የኡጋ ቡድን ከጥልቁ ሥር ወደ ላይኛው ሥር መዞሩ ለዚህ መልካም አርአያ ነው።

ሦስተኛ፣ ጂንን በሥራው እንሰይመው እንጂ በተስፋችን አንሰይመው። «ሥርን ለስበት የሚያሰግድ ጂን» የሚለው ስም «የጥልቅ ሥር ጂን» ከሚለው ያነሰ ያስደስታል፤ ነገር ግን አያስትም። «ድርቅን የሚችል ጂን» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ ብንተወው ይሻላል፤ ድርቅን የሚችል ተክሉ ነው፣ እሱም በአንድ የታወቀ አፈር ላይ ሲቆም ነው።

ዊቨር ቦይ ሲቆፍር ጂን ምን እንደ ሆነ ገና በሚገባ አይታወቅም ነበር። ዛሬ አንዲት ፊደል ጐድላ ሥር እንደምትጣመም እናውቃለን፤ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ፊደሉን ያነበበ ሰው አካፋውን መጣል የለበትም። የዲ.አር.ኦ. 1 ጥናት ራሱ ክብሩን ያገኘው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ማሳ ላይ በመቆሙ ነው፤ እኛም ስናነብበው ያንን ማሳ ከጂኑ ሳንነጥል ብናነብበው ለደራሲዎቹም ለገበሬውም የሚገባውን አደረግን ማለት ነው።